በጥንት ሐይቅ ወለል ላይ፤ የዝዋይ የወይን እርሻ አፈርና የቆየው ታሪክ

በዝዋይ፣ በዛሬው ይፋዊ ስሟ በባቱ ከተማ አጠገብ የሚገኘው ሰፊ የወይን እርሻ ሲነሣ አብረው የሚነሡት ፈረንሳዊው የካስቴል ኩባንያና ከቦርዶ የመጡት ችግኞቹ ናቸው፤ የእርሻው ታሪክም ከእነዚህ የሚጀምር ተደርጎ ይተረካል። ይህ አተራረክ ሐሰት ባይሆንም የነገሩን ግማሽ ያስቀራል። የወይን ሐረግ ከየትም አገር ሊመጣ ይችላል፤ ፍሬው ግን ጣዕሙን የሚያገኘው ሥሩን ከሰደደበት መሬት፣ ከሚደርሰው ውሃ፣ ከቀኑ ሙቀትና ከሌሊቱ ቅዝቃዜ፣ እንዲሁም መቀስ ይዞ ከሚገርዘው ሠራተኛ እጅ ነው። ፈረንሳዮች የአፈሩን፣ የአየሩን፣ የመሬቱን አቀማመጥና የአካባቢውን የአሠራር ልማድ በአንድነት «ቴሯር» ይሉታል፤ የአንድ እርሻ ወይን ከጎረቤቱ ወይን የሚለይበትን ምክንያትም ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት በዚሁ ውስጥ ነው። በዚህ መመዘኛ ከተኬደ የዝዋይ ወይን ታሪክ መነሻ ቦርዶ ሳይሆን የሐይቁ የቀድሞ ወለል ይሆናል።

ዝዋይ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1640 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ትገኛለች። ዛሬ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ተብለው በየስማቸው የሚጠሩት አራት ሐይቆች ከ10,000 እስከ 5,000 ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ዘመን፣ ዝናቡ ከዛሬው እጅግ በበረታባቸው ጊዜያት፣ ተገናኝተው አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ። የዚያ ሐይቅ ገጽ እስከ 1670 ሜትር ከፍታ ደርሶ ነበር፤ በዚህ ልክ ሲሞላም ትርፉ ውሃ በሰሜን በኩል ገንፍሎ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይፈስ ነበር። ሁለቱ የከፍታ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲታዩ ነገሩ ግልጽ ይሆናል፤ ዛሬ የወይኑ ረድፎች የቆሙበት ሜዳ በዚያ ዘመን ዓሣ የሚዋኝበት የሐይቅ ወለል ነበር።

ውሃው እየሸሸ ሲሄድ ትቶት የሄደው ደለል ነው ዛሬ የእርሻ አፈር የሆነው። በዚህ ደለል ውስጥ ወንዞች ከአርሲና ከጉራጌ ከፍታዎች ያወረዱት አሸዋ፣ በጸጥተኛ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ የዘቀጠ ደቃቅ ጭቃ፣ እሳተ ገሞራ የበተነው አመድ፣ እንዲሁም ዲያቶማይት ይገኛሉ። ዲያቶማይት በዓይን የማይታዩ የውሃ ውስጥ አልጌዎች ሲሞቱ የሚተዉት፣ በባሕርዩ ከመስተዋት ጋር የሚዛመድ ሽፋናቸው ለሺህ ዓመታት ተከማችቶ የሚሠራው ነጭና ቀላል አፈር ሲሆን፣ በአዳሚ ቱሉ አካባቢ ክምችቱ አለ። ይህ አፈር በዓለም ዙሪያ ወይንና ቢራ ለማጣራት ከሚያገለግሉት ነገሮች አንዱ ስለሆነ፣ የሐይቁ ዝቃጭ ከወይን ሥራ ጋር ያለው ዝምድና በሥሩ በኩል ብቻ የሚቆም አይደለም።

ከሐይቁ በስተደቡብ፣ በዝዋይና በላንጋኖ መካከል፣ ዛሬም ከውስጡ በሚወጣው እንፋሎት የኤሌክትሪክ ኃይል ለማመንጨት የሚሠራበት የአሉቶ እሳተ ገሞራ አለ። ከአሉቶና ከመሰሎቹ የፈነዳው ፑሚስ፣ ማለትም ውስጡ በአየር ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከአሸዋው ጋር ተቀላቅሎ በአካባቢው አፈር ውስጥ ይታያል። አንድ ጭብጥ አፈር በእጅ ሲታሽ መጀመሪያ ሻካራው አሸዋ፣ ቀጥሎም በጣት መካከል የሚፈረፈረው ግራጫ የፑሚስ ጠጠር ይለያል፤ የሚያጣብቀው ሸክላ ጥቂት በመሆኑም አፈሩ ተጨብጦ ሲለቀቅ ተመልሶ ይበተናል። ከሐይቁ በስተምዕራብ ያለው የጋደሞታ ሸንተረር ደግሞ የባልጩት አገር ነው፤ በዚያ በተደረገ ቁፋሮ የተገኙት ከባልጩት የተጠረቡ መሣሪያዎች ከ270,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው ታውቋል። የሰው እጅ በዚህ መሬት ላይ መሥራት የጀመረው ከማናቸውም እርሻ እጅግ አስቀድሞ ነው።

እንዲህ አሸዋና ፑሚስ የበዛበት አፈር ለጤፍም ሆነ ለስንዴ እንደ ድሃ የሚቆጠር ሲሆን፣ ለወይን ግን ድህነቱ ራሱ በጎነት ነው። የወይን ሐረግ ለምለምና እርጥብ መሬት ሲያገኝ ኃይሉን ሁሉ ለቅጠልና ለቅርንጫፍ ያውላል፤ ፍሬው ትልቅና ውሃማ ይሆናል፣ ስኳሩና ቀለሙም ይሳሳል። ውሃ ቶሎ በሚያሳልፍ፣ ምግቡ በተመጠነ መሬት ላይ ግን ሥሩ ወደ ታች ርቆ ለመሄድ ይገደዳል፤ ፍሬው ያንሳል፣ ቆዳው ከውስጡ ጭማቂ ጋር ሲነጻጸር ይበዛል፤ የቀይ ወይን ቀለምና የሚያጠብቀው ጣዕም የሚገኙት ደግሞ ከቆዳው ነው። በቦርዶ የሜዶክ አውራጃ የታወቁት እርሻዎች የተተከሉት የጋሮን ወንዝ ከፒሬኔ ተራሮች ባወረደው ጠጠር ላይ ነው፤ ከወንዙ ማዶ በሴንት ኤሚልዮን የኖራ ድንጋይና ሸክላ ይበዛል፤ በዚያው አቅራቢያ በፖምሮል ደግሞ ሜርሎ የተባለው የወይን ዝርያ የሚወደው ሸክላ አለ። የዝዋይ አሸዋና ፑሚስ ከእነዚህ ከአንዱም ጋር አንድ ባይሆንም፣ ውሃን በማሳለፍ ጠባዩ ለሜዶክ ጠጠር የቀረበ ነው።

አሸዋ ሌላም ውለታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ከአሜሪካ ወደ ፈረንሳይ የገባው ፊሎክሴራ የተባለው፣ የወይንን ሥር እየመጠጠ የሚገድል ደቃቅ ነፍሳት፣ በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ የአውሮፓን የወይን እርሻ አብዛኛውን ክፍል አጥፍቷል። የሞንፔልዬው የዕፅዋት ሊቅ ዡል ኤሚል ፕላንሾንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1868 የጥፋቱን መንስኤ ለይተው ካወቁ በኋላ፣ መድኃኒት ሆኖ የተገኘው ክተባ ነበር፤ ይህም የአውሮፓውን ወይን ቅርንጫፍ ነፍሳቱን በሚቋቋመው የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ አጋጥሞ ማብቀል ነው። በዚያ ሁሉ ጥፋት መካከል ሳይነኩ የቀሩት ባብዛኛው በአሸዋማ መሬት ላይ የተተከሉ እርሻዎች ነበሩ፤ ነፍሳቱ በሚናድ አሸዋ ውስጥ መተላለፊያ ሠርቶ ከሥር ወደ ሥር መሄድ አይችልምና።

ወይን ለኢትዮጵያ እንግዳ ነው የሚለው አስተሳሰብም መመርመር ይገባዋል። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ ጥቂት ወይን ጠጅ እንደነበረ ይዘረዝራል። በአክሱም በተደረገው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮም የወይን ፍሬ ዘር ተገኝቷል። ክርስትና ከገባ በኋላ ደግሞ ወይን ለቅዳሴ የግድ ሆነ፤ ግን ትኩስ ፍሬ ዓመቱን ሙሉ በማይገኝበት አገር ቤተ ክርስቲያን የራሷን መንገድ አበጀች። በቤተ ልሔም፣ ማለትም የቁርባኑ ኅብስትና ወይን በሚዘጋጅበት ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ባለው ቤት፣ ዘቢብ ታጥቦ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ከራሰና ካበጠ በኋላ ታሽቶ ይጨመቃል፣ ጭማቂውም ተጣርቶ ለጽዋው ይቀርባል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህንኑ የዘቢብ ሥርዓት በዓይኑ አይቶ ጽፎታል፤ ከትኩስ ፍሬ የሚጠመቅ ወይን በይፋ የሚዘጋጀው በንጉሡና በጳጳሱ ቤት ብቻ እንደነበረም መዝግቧል። የመኳንንቱም ሆነ የሕዝቡ የክብር መጠጥ በማርና በጌሾ የሚጣለው ጠጅ ስለነበረ፣ ወይን ጠጅ ከገበያ ይልቅ የመቅደስ ነገር ሆኖ ለብዙ ዘመን ኖረ።

ይህ የመቅደስ ወይን ወደ ዝዋይ ሐይቅም የደረሰው ከየትኛውም የእርሻ ኩባንያ አስቀድሞ ነው። በሐይቁ ላይ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ፣ በሌላ ስሙ ደብረ ጽዮን፣ የማርያም ገዳም ያለበት ሲሆን፣ በአካባቢው ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት መሠረት ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው የተሸሸጉት በዚህ ነበር። የደሴቶቹ ነዋሪዎች ዛዮች ከስልጢኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ጠባቡን መሬታቸውንም ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን እየደገፉ ለዘመናት አርሰውታል። የአፈር መሸርሸርን በእጅ በተካበ ድንጋይ መከላከል በዚህ ሐይቅ ላይ የቆየ ጥበብ ነው። በሰሜን በኩል ደግሞ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያሉት የእንፍራዝና የይፋግ አካባቢዎች በወይን ተክላቸው የታወቁ ነበሩ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የኖረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በዚያ ወገን ወይን እንደሚተከል ጽፏል። ይፋግም ሆነች ዝዋይ በሐይቅ ዳር መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰፊ ውሃ የሌሊቱን ቅዝቃዜና የቀኑን ሙቀት ስለሚያለዝብ በብዙ አገር የወይን ተክል ሐይቅንና ወንዝን ተከትሎ ይገኛል።

በዘመናዊ ፋብሪካ የሚጠመቅ ወይን ታሪክ ግን አጭር ነው። ዛሬ አዋሽ ወይን ጠጅ የሚባለው ድርጅት የተመሠረተው በ1936 ዓ.ም. ገደማ፣ የኢጣልያ ወረራ ካበቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነበር። ዋናው የወይን እርሻው በአርሲ፣ በመርቲ ጀጁ፣ በአዋሽ ወንዝ መስኖ የሚለማው ነው። ድርጅቱ በደርግ ዘመን ተወርሶ የመንግሥት ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2013ም ወደ ግል ተዛወረ። ጉደርና አክሱማይት የተባሉት ወይኖቹ ግን በነዚያ ሁሉ ዓመታት ከሠርግ ቤት ጠረጴዛ አልጠፉም፤ ለሁለት ትውልድ ያህል ወይን ማለት ለከተማው ሰው በአብዛኛው እነዚህ ጠርሙሶች ነበሩ። የመርቲና የዝዋይ እርሻዎች ሁለቱም በስምጥ ሸለቆው ሥርዓት ውስጥ የሚገኙ ስለሆኑ፣ አዲሱ እርሻ ፍጹም አዲስ መንገድ ጀመረ ከማለት ይልቅ ሌሎች የጀመሩትን በሌላ አፈር ላይ ቀጠለ ማለት ለእውነት ይቀርባል።

ካስቴል እ.ኤ.አ. በ1949 በቦርዶ በአንድ ቤተሰብ ወንድሞችና እህቶች የተመሠረተ የወይን ንግድ ድርጅት ሲሆን፣ በኋላ በቢራ ወደ አፍሪካ ገብቶ በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ የነበረውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገዛ። በጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ዘመን ከመንግሥት በቀረበለት ግብዣ ወደ ወይን እርሻ የገባው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በዝዋይ 120 ሄክታር ገደማ መሬት ላይ ከቦርዶ የመጡ ወደ 750,000 የሚጠጉ ችግኞች ተተከሉ፤ ዝርያዎቹም ሜርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሲራና ነጩ ሻርዶኔ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊና አካሺያ በሚሉ ስሞች ለገበያ ቀረቡ፤ ከምርቱ ገሚሱ ኢትዮጵያውያን በብዛት ወደሚኖሩባቸው የውጭ አገሮች እንዲላክ ታስቦ ነበር። የመጀመሪያው ስም ስምጥ ሸለቆውን፣ ሁለተኛው በሸለቆው ሜዳ ላይ የሚታየውን ግራር የሚያመለክት በመሆኑ፣ ባለቤቱ ራሱ ለጠርሙሱ ስም የሰጠው ከቦርዶ ይልቅ ከመሬቱ ወስዶ ነው። እርሻው ዙሪያውን ሰፊ ቦይ የተቆፈረለት ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገቡበት ሲሆን፣ እንዲህ ያለ አጥር በቦርዶ የሚያስፈልገው የለም።

ትልቁ ልዩነት ግን በጊዜ አቆጣጠሩ ላይ ነው። ቦርዶ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ45 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ክረምቱ ሲበርድ ሐረጉ ቅጠሉን አራግፎ ያንቀላፋል፤ በጸደይ ይነቃል፣ በመስከረም ገደማ ይለቀማል። በ8 ዲግሪ ላይ ባለችው ዝዋይ ግን ቅጠል የሚያራግፍ ብርድ የለም፤ ሐረጉ ከተተወ ያለ ዕረፍት ያድጋል፣ በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ አበባ፣ በሌላው ላይ የበሰለ ዘለላ ሊታይ ይችላል፣ በዓመት ሁለት ጊዜም ማፍራት ይቻለዋል። የተፈጥሮ ክረምት የሚሠራውን ሥራ በዚህ የሚሠሩት መቀስና ውሃ ናቸው። ሠራተኛው ከረድፍ ወደ ረድፍ እያለፈ፣ ያደገውን ቅርንጫፍ ቡቃያ የሚወጣባቸውን ሁለት «ዓይኖች» ብቻ አስቀርቶ ይቆርጠዋል፤ ሐረጉም የዓመቱን ሥራውን የሚጀምረው ከዚያች ቀን አንሥቶ ነው። ግርዘቱ መቼ ይሁን የሚለው ውሳኔ እዚህ ላይ ሁሉንም ይወስናል፤ በአካባቢው ከሚጥለው ወደ 750 ሚሊ ሜትር ዓመታዊ ዝናብ ብዙው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ፣ ፍሬው በእነዚያ ወራት እንዲበስል ከተደረገ ሻጋታ ይበላዋል፣ ስኳሩም ይቀጥናል። ስለዚህ ቀኑ ወደ ኋላ ተቆጥሮ፣ መብሰሉ በደረቁ ወቅት፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ እንዲሆን ይደረጋል። ይህን ስሌት ከቦርዶ የመጣ ባለሙያ መጽሐፍ ገልጦ የሚያገኘው አይደለም፤ በቦታው ላይ፣ ዓመት ከዓመት እየታየ የሚገኝ እውቀት ነው፤ በረድፎቹ መካከል የሚውሉት የዝዋይና የአካባቢዋ ሴቶችና ወንዶችም የእርሻው ታሪክ ባለቤቶች ተብለው ሊጻፉ ይገባል።

በዝዋይ መሐል የሚያልፈው አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ሻሸመኔን፣ ሐዋሳንና ዲላን እያቋረጠ፣ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በሞያሌ ወደ ኬንያ ይሻገራል። ከድንበሩ ወዲያ ባለችው ሞያሌ፣ ጎዶማ በተባለችው ቦታና በዙሪያዋ ያለው መሬት ከዝዋይ ጋር ሲነጻጸር የአፈር ታሪክ ምን ያህል ሊለያይ እንደሚችል ያሳያል። እዚያ ያለው አለት ከስምጥ ሸለቆው መፈጠር በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት የሚቀድም ጥንታዊ የምድር መሠረት ነው፤ በላዩ ያለው ቀይ አሸዋማ አፈርም ከዚያው አለት መበስበስ የተገኘ እንጂ ሐይቅ ያስቀመጠው አይደለም። ዝናቡም በአንድ ረጅም ክረምት ፈንታ በሁለት አጭር ወቅቶች ይመጣል፤ በዚያ የሚኖሩት ቦረናዎች ገና የሚሉት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዋነኛው ሲሆን፣ ሐገያ የሚሉት ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ሁለተኛው ነው። ሕዝቡም ይህን መሬት ለግጦሽ ማዋሉ መሬቱን በሚገባ ከማወቅ የመነጨ ምርጫ ነው። የዝዋይ አፈር ዘመድ የሚገኘው ከሞያሌ ይልቅ ርቆ በኬንያ ስምጥ ሸለቆ፣ በናይቫሻ ነው፤ በዚያም በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ፣ በሐይቅ አቅራቢያ፣ የወይን እርሻ አለ።

ከአፈሩ ቀጥሎ የዝዋይን ወይን ዕጣ የሚወስነው ውሃው ነው። ሐይቁ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ቢኖረውም በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ9 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ደግሞ ፀሐይ በቀላሉ የምታተነው ነው። የሚመግቡት የመቂና የቀጠር ወንዞች በላይኛው ተፋሰስ ለመስኖ ይጠለፋሉ፤ ከዳርቻው የአበባ እርሻዎች፣ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳዎች፣ የከተማው የመጠጥ ውሃና የወይኑ እርሻ ሁሉ አጠገብ ለአጠገብ ይሰለፋሉ። ከዝዋይ የሚተርፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይወርዳል፤ አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ስለሆነ ከላይ የተቀነሰውን ሁሉ የሚከፍለው እሱ ነው፤ ባለፉት አሥርተ ዓመታትም እጅግ ሸሽቶ፣ በፍላሚንጎዎቹ የታወቀው ዳርቻው ወደ ነጭ ጨዋማ ሜዳ ተለውጧል። የጥንቱ ታላቅ ሐይቅ መቀነስ የተፈጥሮ ሥራ ነበር፤ የዛሬው ግን የሰው እጅ አለበት።

የደቡቡ ጎዳና ወደሚያልፍበት ወደ ቦረና ቢታይ ለዚህ የውሃ መጋራት ችግር ተወልዶ ያደገ ሥርዓት ይገኛል። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ በየቀኑ የማን ከብት አስቀድሞ እንደሚጠጣ፣ ማን ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚመለስ የሚቆጣጠር አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ አለ፤ ጉድጓዱ የጎሳ ቢሆንም ተራው ለሁሉም በግልጽ የታወቀ ነው፣ ተራውን የጣሰም በጉባኤ ይጠየቃል። በዝዋይ ዳርቻ ግን በሞተር ፓምፕ የሚጠጣው ሁሉ የሌላውን ተራ አያውቅም። የወይን ሐረግ በመብሰያው ወራት ውሃ ሲቀነስለት ፍሬው የሚሻሻል፣ ከአትክልትና ከአበባ ይልቅ በጠብታ መስኖ በጥቂት ውሃ የሚረካ ተክል ነው፤ ስለዚህ በሐይቁ ላይ የሚወጣ የውሃ ተራ ቢኖር፣ የወይኑ እርሻ በየወሩ ምን ያህል እንደሚስብ በይፋ በማስታወቅ ቀዳሚ ሊሆን ይችላል፤ ከኪሳራው ይልቅ ለቱሉ ጉዶ ዓሣ አጥማጅም ለቡልቡላ ዳር ከብት አርቢም የሚተርፈው ጥቅም ይበልጣል።